ፊደሉ ያው፣ ንባቡ ሌላ፦ ማዮማ ለምን ያድጋል?

በዚህ እትም የማነሳው ሴቶች በሹክሹክታ የሚያወሩትን፣ ወንዶች ደግሞ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው የሚያልፉትን ነገር ነው። በአገራችን ማዮማ ወይም የማህፀን ዕጢ እንለዋለን። ሐኪሞች ፋይብሮይድም ይሉታል። ሱዳን የኖርን ሰዎች ደግሞ «አልያፍ» ሲባል ሰምተናል። ስሙ ብዙ ነው፣ በሽታው ግን አንድ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም የነበረ ሰው ካፉሪን ያውቃታል። ጥቁር ዓባይን ተሻግሮ በባሕሪ በኩል ያለች፣ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩባት ሰፈር ናት። በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ብዙ እህቶቻችን ምግብ እያበሰሉ፣ ልብስ እያጠቡ፣ የሰው ልጅ እያሳደጉ ኖረዋል። በዕረፍት ቀናቸው ዴም ወይም ጅሬፍ መጥተው ቡና ሲጠጡ ከሚያወሩት አንዱ ይኸው አልያፍ ነበር። አንዷ «ከባድ ዕቃ በማንሳቴ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ሳልወልድ በመቆየቴ ነው» ትላለች። የመርፌውን መከላከያ የምትረግም አለች፤ «የሰው ዓይን ነው» የምትልም አትጠፋም። ሁሉም የምትጨርሰው ግን በአንድ ቃል ነበር፤ «ትንሽ ገንዘብ ልያዝና እታከማለሁ»።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈነዳ። ካፉሪም የጦር ሜዳ ሆነች። አብዛኞቹ የካርቱም ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ። ሕክምናዋን ለነገ ያለች ሴት ዕጢዋን ይዛ ተሰደደች። ለዚህ ነው ጉዳዩ ዛሬ የካምፕ ጉዳይ የሆነው። በዚህ ጽሑፍ ማዮማ ለምን እንደሚያድግ፣ በተለይም ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው የሳይንስ ክፍል ስለ ዕድገቱ ምን እንደሚነግረን እናያለን። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ የተሰደድኩ የባዮሎጂ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ጽሑፉ እንድትረዱ ነው፤ ምርመራውና መድኃኒቱ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማዮማ ምንድን ነው?

የማህፀን ግድግዳ ወፍራም ልስልስ ጡንቻ ነው። ፅንስ ሲያድግ የሚለጠጠው፣ በምጥ ጊዜ የሚኮማተረው ይኸው ጡንቻ ነው። ማዮማ የሚፈጠረው ከዚህ ጡንቻ ሴሎች አንዷ ከልክ በላይ መባዛት ስትጀምር ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰራጭም። ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ ካንሰር አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ሴቶችን ነው የሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከማዮማ ተለውጦ የመጣ አይደለም።

መጠኑ ከሽምብራ ፍሬ እስከ ሐብሐብ ሊደርስ ይችላል። አንዲት ሴት አንድ ብቻ ወይም ከደርዘን በላይ ሊኖራት ይችላል። ዋናው ግን መጠኑ ብቻ አይደለም፣ ቦታውም ነው። ወደ ውጭ ያደገ ትልቅ ዕጢ ሆድ ከመንፋት በቀር ላያስቸግር ይችላል። ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል የገባ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ዕጢ ግን በየወሩ ደም እንደ ውኃ ሊያፈስ፣ ፅንስ እንዳይዝም ሊያደርግ ይችላል።

በሽታው ብርቅ አይደለም። በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሴቶችን በአልትራሳውንድ መርምሮ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው 50 እስኪሞላ ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ማዮማ ይኖራቸዋል። ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። ችግሩ ሕመም ለሚሰማቸው፣ ደም ለሚፈሳቸው ነው።

አልያፍ የሚለው የዐረብኛ ቃል ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። ቃጫ፣ ጭረት ማለት ነው። ሰውነት የምንፈትግበት ሊፋም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ስያሜው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ማዮማ የሴል ክምችት ብቻ አይደለም። ሴሎቹ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን አብዝተው እያመረቱ በዙሪያቸው እንደ ቃጫ ይገምዱታል። ዕጢው ሲዳሰስ ድርቅ ያለው ለዚህ ነው። ይህን ቃጫ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአንዲት ሴል መነሳቱ እንዴት ታወቀ?

ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ አንዱ ከአባቷ፣ አንዱ ከእናቷ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሠሩም። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን በ1961 እንዳስረዳችው፣ ፅንሱ ገና ትንሽ ሳለ እያንዳንዷ ሴል ከሁለቱ አንዱን ዝም ታሰኘዋለች። ከእሷ የሚወለዱ ሴሎችም ያንኑ ዝም እንዳሰኙ ይቀራሉ።

በዚህ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ጂ6ፒዲ የሚባል ጂን አለ። ፕሪማኪን ከሚባለው የወባ መድኃኒት ጋር በተያያዘ ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ሊንደርና ጋርትለር የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1965 ከአባትና ከእናት ሁለት ዓይነት ጂ6ፒዲ የወረሱ ሴቶችን መረጡ፤ አንዱን ዓይነት ኤ፣ ሌላውን ቢ እንበለው። ጤነኛው የማህፀን ጡንቻ ሲመረመር ኤም ቢም ተገኘበት። እያንዳንዱ ማዮማ ግን ወይ ኤ ብቻ ነው፣ ወይ ቢ ብቻ። ስለዚህ አንድ ዕጢ የአንዲት ሴል ዘር ነው ማለት ነው። በአንዲት ሴት ማህፀን ውስጥ አምስት ዕጢ ካለ አምስቱም በየራሳቸው የተነሱ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም።

ልብ በሉ፤ ኤክሱን ዝም ማሰኘት ራሱ ኤፒጄኔቲክስ ነው። ጂኑ አልጠፋም፣ አልተለወጠም፤ አልተነበበም እንጂ።

አንድ ማህፀን፣ የተለያየ ዕድገት

በ2008 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 72 ሴቶችንና በውስጣቸው ያሉ 262 ማዮማዎችን በኤም አር አይ ተከታተለ። በስድስት ወር ውስጥ የዕድገቱ አማካኝ 9 በመቶ አካባቢ ነበር። ነገር ግን አንዱ በ138 በመቶ ሲያድግ ሌላው 89 በመቶ ኮስሶ ተገኘ። የሚገርመው ደግሞ፣ በአንዲት ሴት ውስጥ ያሉ ዕጢዎች እንኳን እኩል አያድጉም። አንድ ደም ይጠጣሉ፣ አንድ ሆርሞን ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ያድጋል፣ ጎረቤቱ ይከስማል። ለምን?

የመጀመሪያው መልስ ከጂን ነው። በ2011 የፊንላንድ ሳይንቲስቶች ከማዮማዎች 70 በመቶ ያህሉ ሜድ 12 በሚባል ጂን ላይ የፊደል ለውጥ፣ ማለትም ሚውቴሽን፣ እንዳለባቸው አገኙ። ትልቅ ግኝት ነው። ይህ ለውጥ ከእናት የሚወረስ ሳይሆን በዚያችው በአንዲቷ የማህፀን ሴል ላይ የሚደርስ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን አይጨርስልንም። ተመሳሳይ ለውጥ ያላቸው ሁለት ዕጢዎች የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ። ቀሪዎቹ 30 በመቶ ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። ስለዚህ ከፊደሉ በላይ ያለውን ነገር ማየት ግድ ነው።

ፊደልና ንባብ

እስቲ «አለ» የሚለውን ቃል ጻፉ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ ላልቶ «ጊዜው አልደረሰም»፣ ጠብቆ የልደት በዓል። ፊደሉ ላይ ምንም አልተለወጠም። የሰዋስው መጻሕፍት ልዩነቱን ለማሳየት ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ያቺ ነጥብ ፊደል አይደለችም፣ ንባቡን ግን ትወስናለች።

ዲ ኤን ኤም እንዲሁ ነው። ሚውቴሽን ማለት «ልብ» የሚለው «ልጅ» ሲሆን ነው፤ ፊደሉ ራሱ ተለወጠ። ኤፒጄኔቲክስ ግን ፊደሉ ሳይነካ የንባብ ምልክቱ ሲለወጥ ነው። ቃሉን በ1942 ያወጣው ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። «ኤፒ» በግሪክ ቋንቋ «በላይ» ማለት ነው፤ ከጂን በላይ ያለ ማለት ነው።

የዓይናችሁ ሴልና የእግራችሁ ጡንቻ ሴል አንድ ዓይነት ዲ ኤን ኤ ነው የያዙት። ልዩነታቸው የትኛው ምዕራፍ ይነበብ፣ የትኛው ተዘግቶ ይቆይ የሚለው ነው። ሴል ሲከፈል ምልክቶቹም አብረው ይገለበጣሉ፤ ጡንቻ ጡንቻን የሚወልደው ለዚህ ነው። ስህተት የገባበት ምልክትም እንደዚያው ከእናት ሴል ወደ ልጅ ሴል ይተላለፋል። ማዮማ ውስጥ የተገኘው ይኸው ነው።

በማዮማ ላይ የተገኙ ሦስት ምልክቶች

አንደኛው ሜቲል ነው። ሜቲል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ትንሽ የኬሚካል ቅንጣት ናት። በጂኑ መነሻ አካባቢ ስትበዛ ጂኑ አይነበብም፤ በር ላይ እንደተለጠፈ «መግባት ክልክል ነው» ማለት ነው። በ2012 የታተመ ጥናት የአፍሪካ አሜሪካውያንን ሴቶች ማዮማ ከጤነኛው ጡንቻቸው ጋር አስተያየ። በማዮማው ውስጥ ዕድገትን የሚገቱ አንዳንድ ጂኖች፣ ለምሳሌ ኬኤልኤፍ 11 የሚባለው፣ ሜቲል በዝቶባቸው ድምፃቸው ቀንሶ ተገኘ። ፍሬኑ አልተሰበረም፤ የሚረግጠው ሰው ነው የጠፋው።

ሁለተኛው ሂስቶን ነው። ዲ ኤን ኤ በጣም ረጅም ክር ስለሆነ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። ጥምጥሙ ሲጠብቅ ጂኑ ይደበቃል፣ ሲላላ ይነበባል። በ2021 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በጣም የሚያስደንቅ ነገር አሳዩ። ኤች2ኤ ዜድ የሚባል ልዩ ሂስቶን አለ። እሱን በቦታው የሚያስቀምጡት ፕሮቲኖች በአንዳንድ ማዮማዎች ውስጥ ተበላሽተው ተገኙ። ሂስቶኑ ቦታውን ሲስት ተዘግተው መኖር የነበረባቸው ጂኖች ይከፈታሉ። እዚህ ላይ ፊደልና ንባብ ተገናኙ ማለት ነው፤ የተለወጠው ፊደል የንባብ ምልክት የሚያስቀምጠውን ሠራተኛ ራሱን አበላሸው።

ሦስተኛው ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው። ጂን ሲነበብ መልእክት ይወጣል፤ መልእክቱ ወደ ፕሮቲን ይተረጎማል። ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ይህን መልእክት መንገድ ላይ የሚይዙ አጫጭር ቅንጣቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሚር 29 ይባላል፤ ሥራው የኮላጅንን መልእክት መቀነስ ነው። በማዮማ ውስጥ ሚር 29 ራሱ አነስተኛ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን ቃጫ አሁን አምጡት። ተቆጣጣሪው ሲጠፋ ኮላጅን ይትረፈረፋል፣ ዕጢውም ይደድራል። በቤተ ሙከራ ሚር 29 ሲመለስላቸው የኮላጅን ምርቱ ቀንሷል።

ሆርሞን ማገዶው ነው

ማዮማ ያለ ሆርሞን አያድግም። ከወር አበባ መጀመር በፊት አይታይም ማለት ይቻላል፤ ሴቲቱ ስታርጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሟሽሻል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሴሏን ለፕሮጄስትሮን ያዘጋጃታል፤ ፕሮጄስትሮን ደግሞ እንድትባዛና ኮላጅን እንድታመርት ያዛታል።

ታዲያ ሆርሞን ሁሉም ሴት ጋ አለ፤ ማዮማው ለምን በአንዷ ላይ ብቻ ይበረታል? እዚህ ላይ ነው ኤፒጄኔቲክስ የሚገባው። ሆርሞን ሲመጣ የሚያነበው የተከፈተውን ገጽ ብቻ ነው። የዕድገት ገጾች ተከፍተው፣ የፍሬን ገጾች ተዘግተው ከጠበቁት ያንኑ ያነባል። ሆርሞኑ ማገዶ ነው፤ ምድጃው እንዴት እንደተሠራ የሚወስነው ግን ምልክቱ ነው።

በልጅነት የተጻፈ ምልክት

ኤከር የሚባሉ የቤተ ሙከራ አይጦች አሉ። በተፈጥሯቸው አንድ የጂን ጉድለት ስላለባቸው 65 በመቶ ያህሉ ሲያድጉ ማዮማ ይይዛቸዋል። በ2005 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች አይጦቹ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዴስ የሚባል ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ሰጧቸው። ሲያድጉ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማዮማ ያዛቸው። ጂናቸው ያው ነው። መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ከወጣም ቆይቷል። የቀረው ምልክቱ ነው። ለኤስትሮጅን የሚታዘዙት ጂኖች በልጅነት ላልተው ስለተተዉ፣ ጉርምስና ሲደርስና ሆርሞን ሲመጣ ከልክ በላይ ተነበቡ። ዴስ በነገራችን ላይ ለአይጥ ብቻ የተሰጠ መድኃኒት አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1971 ድረስ ፅንስ እንዳይጨነግፍ ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር።

ረሃብም ምልክት ይተዋል። በ1944 እና በ1945 ክረምት ኔዘርላንድስ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመረመሩ። ለዕድገት አስፈላጊ በሆነው አይጂኤፍ 2 በሚባል ጂን ላይ ያላቸው ሜቲል ከወንድም እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥናት ስለ ማዮማ አይደለም። ያመጣሁት ሰውነት የልጅነቱን ዘመን እንደማይረሳ ስለሚያሳይ ነው። እርጉዝ ሴትን በካምፕ ውስጥ በወጉ መመገብ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ሳይንስም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ካፉሪ ላይ ይባል የነበረውስ?

አሁን ወደ ቡናው ወሬ እንመለስ።

«ከባድ ዕቃ በማንሳቴ ነው።» ዕቃ ማንሳት ማዮማ እንደሚያስከትል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ደም የሚፈሳት ሴት ከባድ ሥራ ስትሠራ የበለጠ ትደክማለች እንጂ ሥራው ዕጢውን አልፈጠረውም።

«ሳልወልድ በመቆየቴ ነው።» እዚህ ውስጥ ቁራጭ እውነት አለ። የወለዱ ሴቶች ማዮማ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ማህፀን ሲሰበሰብ ትንንሽ ዕጢዎችም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ የመጠን ጉዳይ እንጂ ፍርድ አይደለም። ስምንት ወልደው ማዮማ ያላቸው አሉ፤ አንድም ሳይወልዱ የሌላቸው አሉ። ሴትን «ሳትወልጂ ስለቀረሽ» ብሎ መውቀስ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

«የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው።» ይኼኛው ተገልብጧል። በ2004 የታተመ የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጥናት ላይ መርፌውን በመውሰድ ላይ የነበሩት ማዮማ የተገኘባቸው ከሌሎቹ በ40 በመቶ ያህል ባነሰ መጠን ነበር። ዴፖ የማዮማ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም፤ ደም ሊያዛባም ይችላል። ግን ፈርታችሁ ካቆማችሁት ምክንያቱ ማዮማ አይሁን።

«በዘር ነው።» በከፊል። እናቷ ወይም እህቷ ማዮማ ያለባት ሴት ስጋቷ ከሌላው ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ቀደም ብለን እንዳየነው ሜድ 12 ላይ የሚደርሰው ለውጥ አይወረስም። እናት አለባት ማለት ልጅ የግድ ይይዛታል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቤት ሳይወጡ የሚውሉ ሴቶች ፀሐይ አያገኙም፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ በዋናነት የሚሠራው ቆዳ ላይ በሚያርፍ ፀሐይ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት በቂ ቫይታሚን ዲ ያላቸው ሴቶች ማዮማ የሚገኝባቸው በ32 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በቤተ ሙከራም ቫይታሚኑ የማዮማ ሴሎችን ዕድገት ይቀንሳል፣ ሜቲል የሚለጥፉትን ኢንዛይሞችም ይገታል። ፀሐይ ዕጢን ያከስማል ማለት ግን አይደለም። ለሠራተኛዋ በቀን ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ መከልከል በጤናዋ ላይ ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ግን ይበቃል።

የሰው ዓይን የሚለውን ለእምነታችሁ እተወዋለሁ። እኔ ማለት የምችለው፣ የተለወጠ የንባብ ምልክት ኃጢአት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ማንም ሴት በምርጫዋ አልጻፈችውም።

ዛሬ ያለው ሕክምና

ምልክት ከፊደል የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሊፋቅ ይችላል። ሜቲልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ አዛሲቲዲን በ2004፣ ዴሲታቢን በ2006 አሜሪካ ውስጥ ለደም በሽታ ተፈቅደዋል። በቤተ ሙከራ ዴሲታቢን የማዮማን ዘር ሴሎች ሲያሳንስ ታይቷል። ይሁንና እነዚህ ለካንሰርና ለከባድ የደም በሽታ የሚሰጡ ብርቱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለማዮማ ሕክምና የተፈቀደ የኤፒጄኔቲክስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ እሱን ጠብቃ ደሟን የምታፈስ ሴት እንዳትኖር።

አሁን ያለው ይህ ነው። የመጀመሪያው የጠፋውን ደም መመለስ ነው፤ የብረት እንክብል ርካሽ ነው፣ በብዙ ጤና ጣቢያም ይገኛል። ከሻይና ከቡና ጋር ከተወሰደ ግን ብረቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ ሰዓታቸውን አራርቁ። ሁለተኛው ደሙን መቀነስ ነው፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ክኒን በወር አበባ ቀናት ይወሰዳል፣ ሆርሞን ያለው ሉፕም ይረዳል። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ግን ደም ሊያበዛ ስለሚችል ለባለሙያው ማዮማ እንዳለባችሁ ንገሩ። ሦስተኛው ማገዶውን መቀነስ ነው፤ የኦቫሪን ሆርሞን ለጊዜው የሚያቆሙ መርፌዎች አሉ፣ በ2020 እና በ2021 ደግሞ በክኒን መልክ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል፤ እነዚህ ክኒኖች ግን ውድ ናቸው።

ከዚያ የሚቀጥለው ኦፕራሲዮን ነው። ዕጢውን ብቻ ማውጣት ማህፀኗን ያተርፋል፤ መውለድ ለምትፈልግ ይህ ይመረጣል፣ ሌላ ዕጢ ግን ሊነሳ ይችላል። ማህፀንን ማውጣት ጉዳዩን ይዘጋዋል፣ ልጅ መውለድንም አብሮ ይዘጋል። ከ1995 ጀምሮ የታወቀ ሌላም መንገድ አለ፤ ወደ ዕጢው የሚሄደውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ መድፈን። ይህ ግን ልዩ መሣሪያና ባለሙያ ይጠይቃል። አንዲት ሴት «ይውጣ» ከመባሏ በፊት ሦስት ጥያቄ የመጠየቅ መብት አላት፤ ዕጢው የት ቦታ ነው? ማህፀኔን የሚያተርፍ ሌላ መንገድ አለ? ደሜ ለኦፕራሲዮን ይበቃል ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት ይባላል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው፦ ሞዴስ ወይም ጨርቅ በየሰዓቱ እየራሰ ለተከታታይ ሰዓታት ሲለወጥ፤ ትልልቅ የረጋ ደም ሲወርድ፤ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትንፋሽ ማጠር ሲኖር፤ በእርግዝና ጊዜ ብርቱ ሕመም ወይም ደም ሲመጣ፤ ካረጡ በኋላ ደም ሲታይ። ይህ የመጨረሻው ጠብታ እንኳን ቢሆን ችላ አይባልም፤ ምክንያቱም ሌላ በሽታ፣ ካንሰርም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ተማሪዎቻችንን በተመለከተ፦ በአሥራዎቹ ዕድሜ ማዮማ ብዙም አያጋጥምም። ልጅቷ ብዙ ደም ከፈሰሳት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ያም ቢሆን መታየት አለበት። በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከክፍል የምትቀር ተማሪ ካለች «ሰነፈች» ከማለታችን በፊት አንዲት ሴት መምህር ለብቻዋ ታነጋግራት።

ለመምህራን ባልደረቦቼ

ይህን ትምህርት ያለ ቤተ ሙከራ ማስተማር ይቻላል። ሰሌዳ ላይ «ዋና»፣ «ሰፊ»፣ «አለ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ተማሪዎች አንዱ አላልቶ፣ አንዱ አጥብቆ ያንብብ፤ ሌሎቹ ትርጉሙን ይናገሩ። ቀጥሎ አንድ ፊደል ለውጡና ሚውቴሽንን ከንባብ ምልክት እንዲለዩ ጠይቁ። ለሂስቶን ደግሞ አንድ ጥቅል ክር ይበቃል። ክሩ ላይ በየቦታው በቀለም ምልክት አድርጉና አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፤ የትኛው ምልክት ይታያል? ሲላላስ?

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በአንዲት ሴት ማህፀን ውስጥ ያሉ ሁለት ማዮማዎች እኩል የማያድጉት ለምን ሊሆን ይችላል?
2. በኤከር አይጦች ላይ የተለወጠው ፊደሉ ነው ወይስ ንባቡ? በምን አወቃችሁ?
3. ከጂ6ፒዲ ጥናት ላይ ኤና ቢ በአንድ ዕጢ ውስጥ አብረው ቢገኙ ኖሮ ምን ብለን እንደመድም ነበር?
4. በአካባቢያችሁ ስለ ማዮማ ከሚባሉት ነገሮች አንዱን ምረጡና በማስረጃ መርምሩት።

ወንዶች ተማሪዎችም ከዚህ ትምህርት አይውጡ። ነገ ባል፣ ወንድም፣ አባት ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ ለሕክምና የሚወጣውን ገንዘብ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሚስቱ ፊት ለምን እንደገረጣ የሚያውቅ ሰው «ትንሽ እንቆይ» አይልም። ቸር ሰንብቱ።